የእንጨት ማሽን ተሸክሜ ከመሳለሚያ እስከ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ

የጉዞዬን ወሬ ከመጀመሬ በፊት አንባቢ የሚያናግረው ማን እንደሆነ ይወቅ። ስሜ ተካ ነው። መሳለሚያ መጥታችሁ «ተካ» ብትሉ ግን የሚያውቀኝ የለም፤ «ጋሼ ተካ ቶርኖ» ማለት ያስፈልጋል። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። በትምህርት ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ከዚያ ወዲያ ያስተማረኝ ብረት ነው። እንግሊዝኛን ያነበብኩት ከማሽን መመሪያ ላይ፣ በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ ነው። ስለዚህ ፈረንጅ «እንዴት አደርክ» ቢለኝ መልሱ ይጠፋኛል፤ ስለ ማርሽ ጥርስ ከጠየቀኝ ግን የሚደክመው እሱ ነው። ከፋብሪካ ጠማማ ሆኖ የመጣ ሻፍት አቅንቻለሁ። መለዋወጫው ከገበያ ጠፍቶ «አበቃለት» የተባለ ወፍጮ አስነስቻለሁ። የብረት ውፍረት በጣቴ ዳብሼ ስናገር፣ ሊፈትኑኝ የመጡ ሰዎች የያዙትን ካሊፐር፣ መለኪያውን፣ ተጠራጥረው ያውቃሉ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ሌላ ሰው እስኪለው ብጠብቅ እንዳይረሳ ብዬ ነው።

የጉዞ ማስታወሻ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ባሕር ተሻግረው ነው። እኔ የምጽፈው ከመሳለሚያ ተነስቼ፣ መርካቶን አቋርጬ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ደርሼ ስለተመለስኩበት አንድ ቀን ነው። መንገዱ አጭር ነው። ነገሩ ግን አጭር አልነበረም።

በቶርኖ ቤታችን፣ ብረት እያሽከረከርን በምንቀርጽበት፣ ስድስት ሆነን በማኅበር እንሠራለን። አራት ዓመት ቆጥበን አንድ ባለ አምስት አክሲስ ሚሊንግ ማሽን ልናዝ ነው። ለማያውቅ ላስረዳ። የድሮው ሚሊንጋችን መቁረጫው ቀጥ ብሎ ከላይ ይወርዳል፤ ብረቱ ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ፊትና ኋላ ይሄዳል። ይህ ሦስት አክሲስ፣ ማለትም ሦስት የእንቅስቃሴ አቅጣጫ ነው። አዲሱ ሁለት ይጨምራል፦ መጋደልና መዞር። እንደ በግ ቀንድ የተጠማዘዘውን ብረት ሳይቀር አንድ ጊዜ አስሮ ቆርጦ ይጨርሰዋል። ጥያቄው የሚጋደለው ማን ነው የሚለው ነው። በአንዱ ዓይነት ብረቱን የተሸከመው ጠረጴዛ ይጋደላል፣ ይዞራልም፤ የላይኛው ጭንቅላት ግን ቀጥ እንዳለ ይቆያል። በሌላው ጠረጴዛው ተኝቶ ጭንቅላቱ ይጋደላል። የመጀመሪያው ትንሽና ጠንካራ ነው፤ ትልቅ ዕቃ ግን አይችልም። ሁለተኛው ትልቅ ዕቃ ይችላል፤ ራሱም ትልቅ ነው። እሱን ለማስገባት የፊት ግድግዳችንን ማፍረስና ሁለት ቶርኖ ማውጣት ግድ ነው። ሁለት ቶርኖ ሲወጣ በነሱ የሚተዳደሩት ሁለት ሰዎችም አብረው ይወጣሉ።

ከስድስታችን አንዷ ሒሩት ናት። የሟቹ ባልንጀራዬ የአበራ ልጅ ስትሆን፣ ምህንድስና ተምራ የአባቷን ቦታ ይዛለች። አዲሱን ማሽን የምትነዳውም እሷ ናት። ትናንት ከሰዓት በኋላ በስብሰባችን ላይ የሥራ መዝገባችንን ገለጠች። መዝገቡን ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ የእርስዎ እጅ ጽሑፍ ነው» አለች። «የፓምፕ ኢምፔለር፣ ርዝመት ዘጠና ሴንቲ። የፓምፕ ኢምፔለር፣ አንድ ሜትር ከአሥር። የፓምፕ ኢምፔለር፣ ሰማንያ አምስት። ይሄ በተጋዳይ ጠረጴዛ ላይ እንዴት ይቆማል? ሲያጋድሉት ማሽኑን ራሱን ነው የሚመታው።»

ኢምፔለር በውሃ ፓምፕ ሆድ ውስጥ እየተሽከረከረ ውሃውን የሚገፋው ባለ ጠማማ ክንፍ ብረት ነው። የቤታችን እንጀራ እሱ ነው።

ልቤ «ጠረጴዛው ይጋደል» ይላል፤ መዝገቡ «ጭንቅላቱ ይጋደል» ይላል። ልቤም የኔ፣ መዝገቡም የኔ። ምን ብዬ ልከራከር?

«አንድ ቀን ስጡኝ» አልኩ። «ነገ ደንበኞቻችን ዘንድ ሄጄ ዕቃውን ባለበት እለካዋለሁ።»

«ነገ አሥር ሰዓት ላይ የማሽኑ ሻጭ ወኪል ትዕዛዙን ይልካል። ከዚያ ወዲያ መለወጥ የለም፣ ጋሼ።»

«ዘጠኝ ተኩል ላይ ድልድዩ ጋ፣ ወኪሉ ቢሮ እንገናኝ። ከተሳሳትኩ የቤቱን ቁልፍ ላንቺ አስረክቤ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እሞቃለሁ።»

ያ ቁልፍ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከአንገቴ ወርዶ አያውቅም።

ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ መሳለሚያ

የብረት በራችንን ከፍቼ ዕቃዬን አወጣሁ። አንደኛ፣ የማንጠልጠያ ሚዛን። ሁለተኛ፣ የበራችንን ስፋት በቋጠሮ ምልክት ያደረግኩበት ሲባጎ። ሦስተኛ፣ ጠመኔ። አራተኛ፣ ማሽኑ።

አዎ፣ ማሽኑ። ብሮሹሩ ከመጣልን ጀምሮ በትርፍ ሰዓቴ የተጋዳዩን ጠረጴዛ ልክ ከዕቃ ሳጥን ጣውላ ሠርቼዋለሁ። በሁለት ቋሚዎች መሃል የተንጠለጠለ ገበታ ነው። ገበታው ይጋደላል፤ በላዩ ደግሞ በብስክሌት ኩሽኔታ የሚሽከረከር ክብ ጣውላ አለ። መቁረጫው ከላይ የሚወርድ የመጥረጊያ እንጨት ነው። ከብሮሹሩ ልክ አንድ ሴንቲ አይጎድልም። ያየው ሰው ሁሉ የሕፃን አልጋ ነው ይላል፤ እውነተኛውን ማሽን አላየ፣ ምን ያድርግ!

በገመድ ጀርባዬ ላይ አሰርኩት። ጥግ ላይ ካለው ፉል ቤት ገብቼ ፉል ከነቃሪያው በላሁ፣ ሻይ ደገምኩ። ሻይ ሃያ ብር ገብቷል። ጎህ ሲቀድ የመሳለሚያ አስፋልት ላይ ጆንያ የተሸከመ፣ ጋሪ የሚገፋ፣ ሱቁን የሚከፍት ይተራመሳል። እኔም ከነአልጋዬ ገባሁበት።

12 ሰዓት ተኩል፣ ታክሲ ውስጥ

በእግር ቅርብ ነው፤ ግን ሸክሙን አይቼ ሚኒባስ ያዝኩ። ረዳቱ ጀርባዬን እያየ፣

«አባት፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ማሽን ነው።»

«ከእንጨት?»

«ብረቱ እየመጣ ነው።»

«እንግዲያስ የእንጨቱን ሂሳብ ይክፈሉ፤ ብረቱ ሲመጣ በነፃ እንወስድልዎታለን!»

ታክሲው ሳቀ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ጠርዙን በጣቷ ዳሰሰችና «ለልጅ ልጅ ነው አይደል? አባቴ፣ ይሄን ጠርዝ ያለስልሱት፤ ሕፃኑን ይወጋዋል» አለችኝ። አመሰገንኳት። ምክሯ ልክ ነበር፤ ሁለት ቦታ ላይ ጣውላው አልተላገም።

ገና መታጠፊያው ጋ ስንደርስ መንገዱ ተዘጋ። ፊት ለፊታችን አንድ አይሱዙ ቆርቆሮ ያራግፋል፤ ከኋላችን ሌላው ጥሩምባ ይነፋል። ሹፌሩ በመስታወት አየኝና «ጋሼ፣ በእግር ቢሄዱ ይቀድሙናል» አለኝ። ወረድኩ። ቀደምኳቸው። የቀኑ የመጀመሪያ ድል ይህች ናት፤ ትንሽ ናት፣ ግን ትመዝገብ።

2 ሰዓት ከሩብ፣ ምን አለሽ ተራ

ምን አለሽ ተራን በጆሮ ነው የሚያገኙት። በርሜል በመዶሻ ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል፤ የመኪና ባሌስትራ መጥረቢያ ይሆናል። ብሎን በጣሳ፣ ሽቦ በጥቅል፣ የተቃጠለ ሞተር በክምር። መሬቱ ራሱ ዝገት ነው። ተሸካሚዎች «ዞር በል! ብረት ነው!» እያሉ ይመጣሉ፤ ዞር ያላለ ራሱ ያውቃል።

እትዬ ዘይነባ እዚህ አሮጌ የውሃ ፓምፕ ገዝታ፣ አድሳ ትሸጣለች። ወሎዬ ናት፤ ለቤታችን ከሠላሳ ዓመት በላይ ደንበኛ ናት። መሸከሚያዬን ስፈታ አየችና፣

«ኧረ ጋሼ ተካ! በሞቴ፣ በዚህ ዕድሜዎ ወለዱ እንዴ?» አለች።

«አምስት አክሲስ ወለድኩ» አልኩና የመጣሁበትን ነገርኳት።

ከጆንያ ውስጥ አንድ ኢምፔለር ጎትታ አወጣች። እንደወትሮው ከነሻፍቱ ነው፤ ማለትም ክንፉ በረጅም የብረት ዘንግ ጫፍ ላይ እንደ ጃንጥላ ተሰክቷል። ሜትሯን ተቀብዬ ለካሁት። ዘጠና ሁለት ሴንቲ። መዝገቡ አልዋሸም። እንጨት ማሽኔ ላይ አቆምኩት፤ ገበታውን አጋደልኩ። የሻፍቱ ጫፍ ቋሚውን መታው። በሌላ በኩል አጋደልኩ። መጥረጊያውን ጥሎ እኔኑ ደረቴን መታኝ።

ሰው ተሰብስቧል። አንድ ምድጃ ቀጥቃጭ መዶሻውን አስቀምጦ «ልጁ ለአልጋው ረዘመ!» አለ። ተራው በሙሉ አውካካ። እጄ ሳላዝዘው አንገቴ ላይ ያለውን ቁልፍ ያዘ። ግድግዳው ሲፈርስ ታየኝ፤ ሁለቱ ቶርኖዎች በጋሪ ሲወጡ ታየኝ።

በንዴት ነው የተናገርኩት። «እትዬ ዘይነባ፣ ክንፉ ራሱ ስንዝር ተኩል አይሞላም፤ ይሄን ሁሉ ዘንግ አስከትላችሁ ለምን ትልኩብኛላችሁ?»

ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «እኛን ይጠይቃሉ? እርስዎ አይደሉ ያስለመዱን!»

«እኔ?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ! ያኔ የኔንና የጎረቤቴን ኢምፔለር አቀያይረው ላኩና ሰፈሩ አልታመሰም? እሱ የኔን ገጠመ፣ እኔ የሱን። ከዚያ በኋላ 'ከነሻፍቱ ካልመጣ አልቀበልም፤ ስማችሁን ሻፍቱ ላይ ምቱ' ብለው አወጁ። ይኸው!» ሻፍቱን ገልብጣ አሳየችኝ። በነጥብ የተመታች «ዘ» አለች።

ያቺን «ዘ» እያየሁ ቆምኩ። እውነቷን ነው። አዋጁ የኔ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዕቃው በራፋችን ሲደርስ፣ እንደመጣ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለክቼ መዝገብ ላይ እጽፋለሁ። ከዚያ ወደ ውስጥ እናስገባዋለን፤ መጀመሪያ የምንሠራው ሥራ ደግሞ ሻፍቱን ማውለቅ ነው! በሻፍት ላይ እንዳለ የተቆረጠ ክንፍ በቤታችን ታሪክ የለም። ሻፍቱ የማን እንደሆነ የሚናገር ደረሰኝ ነበር። እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የለካሁት ደረሰኙን ነው።

«መፍቻ አምጪ» አልኩ።

«አብሽር፣ ጋሼ ተካ። ያጠፋውም ያገኘውም አንድ ሰው ነው፤ ነገሩ ከቤት አልወጣም።»

ዝገቱ አስቸገረን። ምድጃ ቀጥቃጩ ራሱ መጥቶ ረዳን። ክንፉ ወለቀ። ሚዛን ላይ ሰቀልኩት፤ ስድስት ኪሎ አይሞላም። ገበታው ላይ አድርጌ በእጄ ደግፌ አጋደልኩ፤ አዞርኩ። መጥረጊያው በእያንዳንዱ ክንፍ ጀርባና ሆድ ላይ ያለ ምንም መሰናክል ደረሰ።

«ልጁ ተኛ!» አለ ቀጥቃጩ። እትዬ ዘይነባ እልልታዋን አቀለጠችው። በምን አለሽ ተራ ውስጥ ለኢምፔለር እልል ሲባል የሰማሁት እኔ ብቻ እሆናለሁ።

4 ሰዓት፣ ከሱቅ ሱቅ

አንድ ዕቃ ምስክር አይሆንም። ሰባት ደንበኞች ዘንድ ገባሁ፤ ሰባቱም ቦታ አልጋዬን አስቀምጬ «ሻፍቱን አውልቁ» አልኩ። ቀላል እንዳይመስላችሁ። የራሴን አዋጅ የምሽረው እኔው ነኝና አንዱ ፓምፕ ሻጭ እምቢ አለኝ።

«ጋሼ፣ አልፈታም። 'ሻፍቱን የፈታ እኔ ቤት አይምጣ' ብለው የሉም?»

«ብያለሁ። ዛሬ ፈቅጃለሁ።»

«በጽሑፍ ይስጡኝ።»

በጠመኔ የሱቁ መዝጊያ ላይ ጽፌ ፈረምኩለት። ከዚያ ፈታ። ዕቃው ሁሉ ገበታዬ ላይ ገባ። አንዱ የወፍጮ ማራገቢያ ብቻ ጠርዙ ቋሚውን ነካ፤ እሱም የተገጣጠመ ነው፣ ለሁለት ተከፍሎ ይሠራል። ልክና ክብደታቸውን ሁሉ በአዲስ ወረቀት ጻፍኩ። ፀሐዩ በርትቷል፤ የጀርባዬ ገመድ ትከሻዬን በልቶታል። እኔ ግን እንደ ሙሽራ ነበር የምራመደው።

6 ሰዓት፣ ጭድ ተራ

ጭድ ተራ ስገባ ሽታው ተለወጠ። ድሮ ጭዱ ብዙ ነበር፤ ዛሬም አህያ ጭኖት የሚመጣ አይጠፋም፤ ሱቁ ግን የፕላስቲክ ባልዲና ጀሪካን ሞልቶታል። ከኋላ ግቢ ውስጥ ሸምሱ ጀሪካን ያመርታል። ጉራጌ ነው፤ ነጋዴ ነው፤ ቀልዱም ዋጋው ላይ ነው የሚያልቀው። የጀሪካኑን ፎርማ፣ ማለትም ፕላስቲኩ እየተነፋ ቅርጽ የሚይዝበትን የብረት ቅል፣ የምንጠግንለት እኛ ነን።

የጠዋቱን ወሬ ብነግረው «ጋሼ ተካ፣ በኢምፔለርዎ አይኩራሩ። ይሄን ያንሱልኝ!» አለና የፎርማውን ግማሽ አሳየኝ።

ሚዛኔ ላይ ለመስቀል ሁለት ተሸካሚ ጠራን። የሚዛኑ ቀስት መጨረሻው ድረስ ሄዶ እዚያው ቀረ። ይህ በተጋዳይ ጠረጴዛ ላይ ቢታሰር፣ ጠረጴዛው ሲያጋድለው ወገቡ ይቆረጣል። እንደ ኢምፔለር ከሻፍት አይወልቅ፣ ለሁለት አይከፈል።

ሸምሱ ምሳ አቀረበ። ቆጮ በአይብና በጎመን። ሌላ ቀን ቢሆን ሁለት ጊዜ እጠቀልል ነበር፤ ዛሬ ጀምሬ ተውኩት። ሰዓቴን አየሁ፤ ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው።

እጄን ታጥቤ ፎርማው ላይ ቆምኩ። አጎንብሼ ወደ ውስጡ አየሁ። ታቹን አየሁት። ጎኑን አየሁት። ጥጉን አየሁት። ቦታዬን ሳልለቅ፣ ከላይ እንደቆምኩ፣ ሁሉንም አየሁት!

«ሸምሱ፣ ይሄ ፎርማ የተደበቀ ነገር የለውም!»

«እኔም የለኝም፤ ለግብር ሰዎች ይንገሩልኝ።»

«ስማኝ። ከላይ ቆሜ ሁሉን ካየሁት፣ ከላይ የሚወርድ መቁረጫም ሁሉ ጋ ይደርሳል። ይሄ አምስት አክሲስ ምን ያደርግለታል? የድሮው ሚሊንጋችን ሥራ ነው!»

ሸምሱ ትንሽ አሰበና ከመሳቢያው አንድ በመዳፍ የሚያዝ ብረት አውጥቶ ሰጠኝ። የጀሪካኑን አፍ ጥርስ የሚያወጣው ቁራጭ ነው። «ይሄስ? ይሄን ማንም ልክ አድርጎ አልሠራልኝም።»

ከላይ አየሁት፤ ጥርሱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ይደበቃል። አጋድዬ አዟዟርኩት፤ ታየ። የተፈለገው ይህ ነው። አልጋዬ ላይ አስተኛሁት፤ ቦታ ተርፎት ተኛ።

ከዚህ በኋላ የጻፍኩትን አንድ መስመር ሒሩት ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች። «ከባዱ ጠማማ አይደለም፤ ጠማማው ከባድ አይደለም።» ዕድሜዬን ሙሉ ከብረት ጋር ኖሬ ይህን ያወቅኩት ጭድ ተራ ቆጮ አጠገብ ነው። ተመልሼም ቆጮውን ጨረስኩት።

9 ሰዓት ተኩል፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ

ድልድዩ አካባቢ ታክሲ፣ ጥሪ፣ ካልሲ ሻጭ፣ የስልክ ሽፋን፣ ጥሩምባ። የወኪሉ ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሊፍቱ ቆሟል። አልጋዬን እንደተሸከምኩ ወጣሁ፤ በየፎቁ አረፍኩ፤ ሰው ሲያልፍ ግን ያረፍኩ አልመሰልኩም።

ወኪሉ ሱፍ የለበሰ ጎልማሳ ነው። ገና በሩ ላይ ሲያየኝ «አባት፣ ዕቃ ማውረጃው በጀርባ በኩል ነው» አለኝ።

ከውስጥ ሒሩት ተነሳች። መዝገቡን ታቅፋዋለች። «የምንጠብቃቸው እሳቸውን ነው» አለች።

እትዬ ዘይነባ ያዋሰችኝን ኢምፔለርና ሻፍቱን ለየብቻ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ።

«ሒሩት፣ መዝገቡ ላይ ያለው ርዝመት የዚህ ነው» አልኳት ሻፍቱን እያሳየሁ። «የምንሠራው ግን ይሄን ነው።» ክንፉን አነሳሁ።

መዝገቡን ገለጠች። አንድ ገጽ፣ ሁለት ገጽ፣ አሥር ገጽ። «ጋሼ... ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ከነሻፍቱ ለካሁ። ከነሻፍቱ አምጡ ያልኩትም እኔ ነኝ።»

ትስቃለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሳቀችም። አዲሱን ወረቀቴን ተቀብላ መስመር በመስመር አነበበች፤ ስለ ፎርማው ጠየቀችኝ፤ መለስኩ። ከዚያ ኢምፔለሩን አልጋዬ ላይ አስቀምጣ አጋደለችው። አለፈ። ወኪሉ ብዕሩን አነሳ።

«ቆይ» አለች ሒሩት። «ጋሼ፣ ጠዋት ሲሞክሩ ብረቱን በምን አስረውት ነበር?»

«በእጄ ደግፌ።»

«ማሽኑ እጅ የለውም። ማሰሪያ ያስፈልጋል።» ጡጫዋን እንደ ማሰሪያ ከክንፉ ሥር አስገብታ ከፍ አደረገችውና አጋደለች። የክንፉ ጠርዝ ቋሚውን ገጭ አደረገው።

የግድግዳው ሰዓት ለአሥር ሩብ ጉዳይ ይላል። ወኪሉ «እንግዲያው ጭንቅላቱ የሚጋደለው ይሻላል፤ እሱ ሰፊ ነው» ብሎ ወረቀቱን ሳበ።

«አይደለም» አለች። «ዓይነቱን ጋሼ አግኝተውታል። ልኩ ነው የጎደለው። ከዚሁ ዓይነት አንድ ቁጥር ከፍ ያለውን ያሳዩን።»

ሰውዬው ኮምፒዩተሩን ነካካ። ሒሩት የዕቃውንና የማሰሪያውን ልክ ነገረችው። በስክሪኑ ላይ ጠረጴዛው ተጋደለ፤ ዞረ፤ ምንም አልነካም። የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ከፍ ያለው ቁጥር በበራችን ይገባል ወይ? ወኪሉ የማሽኑን ስፋት አነበበ። እኔ ሲባጎዬን ወለሉ ላይ ዘረጋሁ፤ ሒሩት በሜትር ለካችው። በበሩ ቋጠሮና በማሽኑ መሃል አራት ጣት ተረፈ።

«ይገባል!» አለች፣ እንደ ልጅነቷ ጮኻ።

ወኪሉ የመጨረሻ ዕድሉን ሞከረ። ጠረጴዛው በአንድ በኩል ብቻ የተደገፈ፣ ዋጋው ቀለል ያለ አለኝ አለ። «ወንድሜ» አልኩት፣ «ሕፃን በአንድ እጅ ይያዛል፤ ሲያጋድሉት ግን በሁለት እጅ ነው። በሁለት በኩል የተደገፈውን ጻፍ።» ጻፈ። ሒሩት ደግሞ ብረቱን እየነካ ልኩን ራሱ የሚያነብ ጣት እንዲጨመር ጠየቀች፤ የኛ ሥራ ከተበላ ናሙና መቅዳት ነውና ልክ ነች። አሥር ሰዓት ሳይሞላ ፈረምን። ወኪሉ እስከ ደረጃው ድረስ ሸኘኝ፤ «አባት» ማለቱን ትቶ «ጋሼ» ብሎኛል።

11 ሰዓት ተኩል፣ ወደ መሳለሚያ

በእግር ተመለስን። አልጋውን ሒሩት ተሸከመችው። ሙዝ የምትሸጥ ሴት ጀርባዋ ላይ አየችውና «እንኳን ማርያም ማረችሽ! ወንድ ነው ሴት?» አለቻት።

«አምስት አክሲስ ነው» አለች ሒሩት።

«ስሙ ነው? ይሁን፤ እግዜር ያሳድገው!»

ቶርኖ ቤት ስንደርስ የቀሩት አራቱ በር ላይ ቆመው ይጠብቁናል። ሁለቱ ቶርኖ ላይ የሚሠሩት ሰዎች ፊታችንን አይተው ነው ያወቁት፤ አንደኛው ተመልሶ ገብቶ ቶርኖውን አስነሳ። ደስ የሚል ድምፅ ነው፤ የማይወጣ ቶርኖ ድምፅ።

ቁልፉን ከአንገቴ አወጣሁ።

«ኧረ ጋሼ፣ አሸንፈዋል እኮ! ይያዙት» አለች።

«ተሸንፎ ቁልፍ የሚያስረክብ ሞልቷል። አሸንፎ ያስረከበ ካለ አሳዪኝ።»

ብዙ ተከራከረች። እኔ ደግሞ ተከራክሮ የረታኝ ሰው ገና አልተወለደም።

እንግዲህ በአንድ ቀን፣ በሰባ አንድ ዓመቴ፣ ከመርካቶ ሳልርቅ ያደረግኩት ይህ ነው፦

ታክሲ በእግሬ ቀድሜአለሁ።

ሠላሳ ዓመት የቆየ ስሕተት አግኝቻለሁ፤ የሠራሁትም እኔ ስለሆንኩ ለማንም ዕዳ የለብኝም።

የራሴን አዋጅ በሱቅ መዝጊያ ላይ በጠመኔ ሽሬ ፈርሜአለሁ።

ምን አለሽ ተራን እልል አሰኝቻለሁ።

ትክክለኛውን ማሽን መርጫለሁ፤ ማሰሪያውን ረስቼ ነበር፣ ሒሩት እንድታገኘው የተውኩላት ያህል ነው።

ግድግዳ አላፈረስኩም። ቶርኖ አላስወጣሁም። ሰው አላስወጣሁም።

አዲስ መዝገብ ከፍቼ በመጀመሪያው ገጽ «ሻፍቱ ከወለቀ በኋላ ይለካ» ብዬ ጽፌአለሁ።

የአልጋውን ጠርዝ፣ ታክሲ ውስጥ በተመከርኩት መሠረት፣ አለስልሻለሁ።

ቁልፉን አስረክቤአለሁ። ነገ ጠዋት፣ ከሠላሳ ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በሩ እስኪከፈትልኝ ድረስ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እሞቃለሁ። ሒሩት ሳትከፍት አንድ ሰዓት ካለፈ ግን እነግራታለሁ።